በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርድ ስለመቀየር፦ በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በድሬዳዋና በአካባቢዋ ኡቡንቱን፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ዴቢያንን ወይም ፌዶራን በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ለሚጠቀሙና ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር ወይም ለመቀየር ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ማንበብ የግድ አይደለም። ሆኖም ካርዱን ገና ያልገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ሳያነብ ወደ ገበያ ባይወጣ ይመረጣል፤ ያገለገለ ዕቃ አንዴ ከሱቅ ከወጣ በኋላ የመመለስ ዕድሉ ጠባብ ነውና።

በእርግጥ የሚያስፈልገኝ ግራፊክስ ካርድ ነው?

ኮምፒውተሩ ስለዘገየበት ካርድ ለመግዛት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ለጽሑፍ ሥራ፣ ለሒሳብ ሰነድ፣ ለኢንተርኔትና ቪዲዮ ለማየት ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃል፤ እንዲህ ያለው ማሽን የሚዘገየው በአብዛኛው ራም ስላነሰው ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስላለው ስለሆነ ገንዘቡ ለኤስኤስዲ ቢውል የተሻለ ውጤት ያመጣል።

የሠርግና የልደት ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ኬዲኤንላይቭ ላይ የሚሠራ ሰው መቁረጡም ሆነ ኢፌክት መጨመሩ በዋናነት በፕሮሰሰሩ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ካርድ የሚያግዘው በተለይ የተጠናቀቀው ቪዲዮ ተጨምቆ በሚወጣበት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ግን ያለ ጥሩ ካርድ አይንቀሳቀስም። በብሌንደር ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለሚሠሩ፣ ጌም ለሚጫወቱና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን በራሳቸው ማሽን ላይ ማስኬድ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ካርዱ የሥራው መሠረት ነው።

አሁን ያለኝን ካርድና የሚሠራበትን ድራይቨር እንዴት አውቃለሁ?

ተርሚናል ከፍተው ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ የሚሉትን አምስት ፊደላት ያለ ክፍተት፣ በትንንሹ የላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ቀጥሎም ክፍተት ትተው ሰረዝና ኬ ይጨምሩ። ከሚመጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ቪጂኤ የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ከሥሩ በጥቅም ላይ ያለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ስም ተጽፎ ያገኛሉ፤ አይ915 ከሆነ የኢንቴል፣ ኤኤምዲጂፒዩ ወይም ራዲዮን ከሆነ የኤኤምዲ፣ ኑቮ ወይም ኤንቪዲያ ከሆነ ደግሞ የኤንቪዲያ ካርድ ነው። ይህን መስመር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙት፤ ምክር በሚጠይቁበት ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።

ኤኤምዲ፣ ኤንቪዲያ ወይስ ኢንቴል ልግዛ?

በዊንዶውስ ላይ ይህ የዋጋና የፍጥነት ጥያቄ ነው። በሊኑክስ ላይ ግን ድራይቨሩ የሚመጣበት መንገድ ስለሚለያይ ምርጫው ካርዱን ለስንት ዓመት ያለ ራስ ምታት እንደሚጠቀሙበት የሚወስን ይሆናል።

የኤኤምዲ ካርዶች ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ አብሮ የተሠራ ነው። ኤኤምዲጂፒዩ የሚባለው ድራይቨር ወደ ከርነሉ የገባው በ2015 በወጣው 4.2 እትም ሲሆን፣ የተቀረው የሥዕል ሥራ ሜሳ በሚባለው ነፃ የሶፍትዌር ስብስብ ይከናወናል። ስለዚህ በ2017 እንደወጣው አርኤክስ 580 ያለ ካርድ ሰክተው ኮምፒውተሩን ሲያስነሱ ምንም ሳይጭኑ ይሠራል። ዴቢያን የሚጠቀሙ ሰዎች ብቻ የኤኤምዲ ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ ሲነሳ የሚፈልገው ትንሽ ሶፍትዌር) ፓኬጅ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል፤ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ነፃ ያልሆነው ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ስለተካተተ ይህም ቢሆን ቀሏል። ገና በቅርቡ የወጣ ካርድ ከአሮጌ ከርነል ጋር እንደማይስማማ ግን መዘንጋት የለበትም፤ በ2025 የወጡትን የአርኤክስ 9000 ካርዶች በኡቡንቱ 22.04 የመጀመሪያ ከርነል፣ ማለትም በ5.15 ላይ ለማሠራት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ኤንቪዲያ የራሱን ድራይቨር ለብቻው ያወጣል፤ ይህ ድራይቨር ደግሞ ለአሮጌ ካርዶች የሚሰጠውን ድጋፍ በየጊዜው ያቆማል። የኬፕለር ትውልድ ካርዶች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ የጂቲኤክስ 600 እና 700 ካርዶች፣ በ470 እትም ላይ ቆመዋል። የማክስዌልና የፓስካል ትውልዶች፣ ማለትም በከተማችን በብዛት የሚፈለጉት ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ 1050 ቲአይ እና 1060 ጭምር፣ የመጨረሻ እትማቸው 580 ነው። ይህ ሲባል ካርዶቹ ነገ ሥራ ያቆማሉ ማለት ሳይሆን አዲስ የኡቡንቱ ወይም የፌዶራ እትም በገባ ቁጥር የቆየውን ድራይቨር ማሠራት እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው። ነፃው አማራጭ ኑቮ ይባላል፤ ይሁንና በፓስካል ካርዶች ላይ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ስለማይችል ስክሪን ከማሳየት ያለፈ ብዙ አይጠበቅበትም።

በሌላ በኩል ብሌንደርን ወይም ሪዞልቭን ለሚጠቀም፣ እንዲሁም ኩዳ (የኤንቪዲያ የራሱ የማስሊያ ሥርዓት) የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ላሉት ሰው ኤንቪዲያ የተሻለ ነው። ብሌንደር የቀድሞውን የኤኤምዲ ድጋፍ በ2021 በወጣው 3.0 እትም ያስወገደው ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ በ2022 የመለሰው ለአዳዲሶቹ የኤኤምዲ ካርዶች ብቻ ነው፤ አርኤክስ 580 ከእነዚህ ውስጥ የለበትም። ስለሆነም ለዚህ ሥራ ከፓስካል ይልቅ የቱሪንግ ትውልድ የሆነውን ጂቲኤክስ 1650 ወይም ከእሱ በላይ ያለውን መፈለግ ይገባል። ቱሪንግና ከእሱ በኋላ የመጡት ካርዶች ኤንቪዲያ በ2022 ምንጩን ክፍት ባደረገው የከርነል ሞጁልም ይሠራሉ።

የኢንቴል አርክ ካርዶች በሊኑክስ ላይ ጥሩ ድጋፍ አላቸው፤ ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን የማዘርቦርድ አሠራር ስለሚፈልጉ ይህ በሌለው አሮጌ ማሽን ላይ ፍጥነታቸው በእጅጉ ይወርዳል። በእኛ አካባቢ የሚገኘው አብዛኛው ዴስክቶፕ ከዚህ በፊት የተሠራ በመሆኑ ኢንቴልን ለመምከር ያስቸግራል።

የእኔ ኮምፒውተር ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ነው፤ ካርድ ይቀበላል?

ይቀበላል፤ ግን የትኛውንም አይደለም። ዴል ኦፕቲፕሌክስም ሆነ የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፕ ሁለት ገደቦች አሉበት። የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ለምሳሌ የኦፕቲፕሌክስ 7010 ትንሹ ኬዝ 240 ዋት፣ ትልቁ ደግሞ 275 ዋት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድም የላቸውም። ካርድ ከሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ብቻ 75 ዋት ያገኛል፤ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። እንግዲህ 185 ዋት የሚፈልገው አርኤክስ 580 በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ውስጥ ቦታ የለውም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ተጨማሪ ፒን የሌለው ጂቲኤክስ 1650 ከ75 ዋት ስለማያልፉ ይስማሙታል።

በገበያ ላይ የሳታ ገመድን ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር ማገናኛ ይሸጣል። አይግዙት። የሳታ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ ሊያስተላልፍ የሚችለው 54 ዋት ያህል ስለሆነ፣ ካርዱ ሙሉ ኃይሉን በጠየቀ ጊዜ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ፣ አልፎም ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛው ገደብ ቁመት ነው። ትንሹ ኬዝ የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ያለውን ካርድ ብቻ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ካርድ ሲገዛ አጭሩ የብረት መያዣ አብሮት መኖሩ መታየት አለበት፤ ያለሱ ካርዱ ቢገባም በብሎን አይታሰርም። ግማሽ ቁመት ካላቸው ካርዶች መካከል አርኤክስ 6400 በ53 ዋት ፍጆታው ይማርካል። ነገር ግን የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ በመሆኑ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ማዘርቦርድ ላይ ከፍጥነቱ ያጣል፤ ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍልም የለውም፤ ስለዚህ ለቪዲዮ አቀናባሪ አይሆንም።

ያገለገለ ካርድ ስገዛ ሐሰተኛ አለመሆኑን እንዴት አጣራለሁ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል። በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ውስጡ ያለው ጽሑፍ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ በብዙ አገር ተሸጧል፤ ኮምፒውተሩም ስሙን እንደተጻፈለት ያነባል። ለመለየት ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በዓይን ነው። የፓስካል ትውልድ ካርዶች የቪጂኤ ምልክት አያወጡም፤ ስለዚህ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ጀርባው ላይ ሰማያዊውን ባለ 15 ቀዳዳ የቪጂኤ መሰኪያ ካዩ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሁለተኛው መንገድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ከሌላው የሚበልጥበት ነው። ኡቡንቱ የተጫነበትን ፍላሽ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱና ካርዱ በተሰካበት ማሽን ላይ ሳይጭኑ በሙከራ መልክ ያስነሱት። ከዚያም ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ የሚለውን ትእዛዝ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጥ ቃል) አስቀድመው ይስጡና ኑቮ የሚል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። ኑቮ የካርዱን ማንነት የሚያነበው ከቺፑ ራሱ እንጂ ከተቀየረው ጽሑፍ አይደለም፤ በመሆኑም እውነተኛው 1050 ቲአይ ጂፒ107 ተብሎ ሲታይ ሐሰተኛው በጂኤፍ የሚጀምር ስም ይዞ ይወጣል። ሻጩ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ያ ራሱ መልስ ነው።

ክሪፕቶ ሲመረትባቸው የቆዩ ካርዶችም በገበያው አሉ። ፒ106-100 የሚል ስም ያለው ካርድ የጂቲኤክስ 1060 ወንድም ቢሆንም የሞኒተር መሰኪያ የለውም። አርኤክስ 580 2048 ኤስፒ የሚባለው ደግሞ ከዋናው 580 ያነሰ ነው፤ ዋናው 2304 የማስሊያ ክፍሎች ሲኖሩት ይኼኛው በስሙ እንደተጻፈው 2048 ብቻ ነው ያለው። ካርዱ ጥሩ ዋጋ ካለው መግዛቱ ነውር የለውም፤ የ580 ዋጋ ግን አይከፈልበትም።

አሮጌውን ከማውጣቴ በፊት ምን ላድርግ?

ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ ያዘምኑ፤ አስፈላጊ ፋይሎችንም በሌላ ዲስክ ይያዙ። ከኤንቪዲያ ወደ ኤኤምዲ የሚሻገሩ ከሆነ የኤንቪዲያን ድራይቨር ቀድመው ያጥፉ፤ ከአንድ የኤኤምዲ ካርድ ወደ ሌላ ከሆነ ምንም ማጥፋት አያስፈልግም። ከኤንቪዲያ ወደ ኤንቪዲያ ከሆነ አሁን ያለው የድራይቨር እትም አዲሱን ካርድ መደገፉን ያጣሩ።

ሞኒተርዎንም ይመልከቱ። በየቢሮውና በየቤቱ ያለው ሞኒተር ብዙው የሚቀበለው ቪጂኤ ብቻ ነው፤ አዲሱ ካርድ ግን ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይ ፖርት ነው የሚኖረው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ በውስጡ ቺፕ ያለው ማገናኛ ቀድመው ይግዙ፤ በሁለት ጫፉ መሰኪያ ብቻ ያለው ተራ ገመድ ምልክቱን አይቀይርም።

ካርዱን እኔው ራሴ መስካት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ የሚያስፈልገው አንድ ካቻቢቴና ትዕግሥት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ማስነሻ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኃይል ያፍስሱ፣ የኬዙን ብረት ነክተው ከሰውነትዎ ላይ ያለውን ስታቲክ ያስወግዱ። አሮጌውን ካርድ ሲያወጡ ከቀዳዳው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ መጫን አይርሱ፤ በጉልበት ሲጎተት የሚሰበረው እሷ ናት። አዲሱን ቀጥ አድርገው ቀጭ እስኪል ይጫኑት፣ በብሎን ይሰሩት፣ የኃይል ገመድ ካለው ይስኩለት። የሞኒተሩ ገመድ ከአዲሱ ካርድ ላይ መሰካት አለበት፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ካርዱ አይሠራም የሚል ሰው ከሚገመተው በላይ ብዙ ነው።

የኤንቪዲያን ድራይቨር በምን ልጫን?

በኡቡንቱ «አዲሽናል ድራይቨርስ»፣ በሚንት ደግሞ «ድራይቨር ማኔጀር» የሚለውን ከፍተው የተመከረውን እትም ይምረጡ። በፌዶራ አርፒኤም ፊውዥን የተባለውን ማከማቻ መጨመር ያስፈልጋል፤ ከተጫነም በኋላ ሞጁሉ ተገንብቶ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ ዳግም አያስነሱ። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ በቀጥታ የሚወርደው የመጫኛ ፋይል ከርነሉ በተዘመነ ቁጥር ችግር ስለሚፈጥር ለተራ ተጠቃሚ አይመከርም።

ማሽኑ ላይ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር ሲነሳ የሚከለክል ጥበቃ) በርቶ ከሆነ ኡቡንቱ በመጫኛው ወቅት የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ይጠይቃል። ሲያስነሱት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ እዚያ ላይ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጠው ያንኑ የይለፍ ቃል ያስገቡ። ብዙ ሰው ይህን ስክሪን ስህተት መስሎት ያልፈዋል፤ ድራይቨሩም ሳይነሳ ይቀራል።

ካስነሳሁት በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ምን ይደረጋል?

የአምራቹ ዓርማ እንኳ ካልታየ ችግሩ ከሊኑክስ ጋር አይገናኝም፤ የኃይል ገመዱን፣ የካርዱን አቀማመጥና የሞኒተሩን ገመድ እንደገና ይመልከቱ። ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት) የሌለው በጣም አሮጌ ማዘርቦርድ አንዳንድ አዳዲስ ካርዶችን ፈጽሞ ላያስነሳም ይችላል።

ዓርማው ታይቶ ሊኑክስ ሲነሳ ከጠቆረ ግን ጉዳዩ ድራይቨር ነው። ሊኑክስን በሚያስነሳው የግሩብ ማውጫ ላይ ኢ የሚለውን ፊደል ተጭነው ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ይጨምሩና ኮንትሮልና ኤክስን አብረው ይጫኑ። ስክሪኑ በዝቅተኛ ጥራት ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ድራይቨሩን ይጭናሉ ወይም ያስተካክላሉ። ቃሉ የሚሠራው ለዚያች አንድ ማስነሻ ብቻ ነው፤ በቋሚነት ካስገቡት ካርዱ ሁልጊዜ ያለ ድራይቨር ይቀራል።

ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፤ ድራይቨሩን ከሌላ ቦታ አውርጄ ማምጣት እችላለሁ?

የኤንቪዲያ ድራይቨር ከነተጓዳኝ ፓኬጆቹ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሚሆን ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀላሉ መንገድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ዳታውን ማጋራት ነው፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት ያውቀዋል። ሌላው መንገድ ለአፕት የመጫኛ ትእዛዝ ፕሪንት ዩአርአይስ የሚለውን አማራጭ ጨምሮ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች አድራሻ ዝርዝር ማውጣት፣ ዝርዝሩን በፍላሽ ይዞ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ ማውረድ ነው። ኤኤምዲ የገዛ ሰው ይህን ጥያቄ ይዘለዋል።

የድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ ካርዱን አይጎዳውም?

ይጎዳዋል፤ ነገር ግን መላ አለው። የካርዱ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ላይ የሚደመር ስለሆነ የክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካርዱም በተቀራራቢ መጠን ይጨምራል። በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከተማችን ውስጥ 35 ዲግሪ የተለመደ በመሆኑ፣ ሐረር ላይ በሰላም የሚሠራ ካርድ እዚህ ሲመጣ 80 ዲግሪን አልፎ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ሲቀንስ ሊታይ ይችላል። ሙቀቱን በሴንሰርስ ትእዛዝ፣ የኤንቪዲያን ደግሞ በኤንቪዲያ ኤስኤምአይ መከታተል ይቻላል።

ኬዙን ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ከግድግዳም ያርቁት። ከደቻቱ አሸዋ ነፋሱ የሚያነሳው ደቃቅ አቧራ የካርዱን የብረት ክንፎች ሲሞላ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል፤ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ከቤት ውጭ አውጥቶ በአየር ማጽዳት ያስፈልጋል። አየር ሲነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይያዙት። ያገለገለ ካርድ ከሆነ ቴርማል ፔስቱን መቀየር ብቻውን ጉልህ ለውጥ ያመጣል፤ ረጅም ሥራም ካለዎት ሌሊቱን ይጠቀሙበት።

መብራት ድንገት ሲሄድስ?

ካርዱን በይበልጥ የሚጎዳው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚከሰተው የቮልቴጅ መዋዠቅ በመሆኑ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑርዎት። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ በዋት ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ 400 እንኳ እንደማይሞላ አስበው ይግዙ። መብራቱ የሄደው ድራይቨር በመጫን ላይ እያለ ከሆነ ሲስተሙ በተነሳ ጊዜ ዲፒኬጂ የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ፣ ኮንፊገርና ሰረዝ ኤ ከሚሉት አማራጮች ጋር ይስጡት፤ በኡቡንቱ፣ በሚንትና በዴቢያን ላይ የተቋረጠውን ጭነት ከቆመበት ይቀጥላል።

ካርዱ በትክክል መሥራቱን በምን አረጋግጣለሁ?

ጂኤልኤክስኢንፎ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ትልቁ ቢ ጋር ይስጡና የሬንደረሩን ስም ያንብቡ። የካርድዎ ስም ካለ ጥሩ፤ ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ካዩ ግን ሥዕሉን እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ድራይቨሩ አልተነሳም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኤንቪቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው ቪዲዮ ወይም ጌም እያስኬዱ የካርዱ አጠቃቀም ከፍ ዝቅ ሲል ይመልከቱ።

ላፕቶፕ ላይስ ካርድ መቀየር ይቻላል?

ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በስተቀር አይቻልም፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። ተንደርቦልት ያለው ላፕቶፕ ከውጭ የሚሰካ ካርድ በሊኑክስም ይቀበላል፤ ይሁንና ማቀፊያ ሳጥኑና ካርዱ አብረው የሚጠይቁት ገንዘብ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነካርዱ ስለሚገዛ ብዙም አያዋጣም።